ደበላ ሰላም ብሎሻል

ጥቅምት 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የመ/ቤት ፈቃድ በእጄ ገባ። ተፈርሟል፣ ማኅተም አለው። ፖሊስ ጣቢያ አሻራ ሰጥቼ መጣሁ፤ ጣቴ በሳሙናም በአመድም አልለቅ ብሎ የገጽህን ጥግ አጥቁሬብሃለሁ፣ ደብተሬ፣ ቻለኝ። ሁለት ጆሮ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ አለ። የእህቴ የጽጌ የጥሪ ወረቀት ከሮም፣ አለ። እህቴ ሙሉ ለሦስት ወር ጉብኝት ትመጣለች፣ ማደሪያዋና ቀለቧ በእኔ ነው ይላል። የቢጫ ወባ ክትባት አ.አ. ብቻ ነው የሚሰጠው። ከዚያ ፓስፖርት። ከዚያ የመውጫ ቪዛ፣ ከአገር ለመውጣት መንግሥት የሚፈቅደው። ከዚያ የመግቢያ ቪዛ፣ እዚያ ለመግባት ኤምባሲው የሚፈቅደው። አንዱ ካለ ሌላው ከሌለ ቁጭ ነው።

የቀረኝ ዋስ። ባልመለስ በእኔ ፋንታ የሚያዝ ሰው።

እሱ ነው የማይገኘው። አምቦ ውስጥ ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ለማንም የሚፈርም ጠፍቷል። ኦቦ ቶሌራ ላይ የደረሰውን ሁሉም አይቷል። የእርሻ ጽ/ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሰኔ ላይ ለጎረቤቴ ልጅ ለመ/ር ደበላ ዋስ ሆነው ፈረሙ። ደበላ ጀርመን አገር ያለ ጓደኛውን ሊጎበኝ ለሦስት ወር ሄደ። ጊዜው አለቀ፤ ደበላ የለም። መስከረም መጨረሻ ላይ ኦቦ ቶሌራን ከሥራ ቦታቸው ወሰዷቸው። እስከ ዛሬ ወህኒ ናቸው። ባለቤታቸው ወ/ሮ አስቴር በየቀኑ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው በደጃችን ያልፋሉ። የደበላ እናት አዴ ድንቄ በራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። አይነጋገሩም።

የአዴ ድንቄ ቤትና የእኔ ቤት አንድ ጣሪያ ነው። የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነው።


ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ አዴ ድንቄ አስቆሙኝ። አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ አሉ፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ልጄ ነው የሚሉኝ ሁልጊዜ። ዘንቢሌን ከፍተው ድንቹን ዳበሱ፣ የጎጆ ከተማ ድንች መሆኑን በእጃቸው ብቻ አወቁ። ከዚያ፣ ደበላ ሰላም ብሎሻል አሉኝ።

እንዴት ነው አልኩ። ደህና ነው፤ ከአልጋሽ በላይ ያለውን ቆርቆሮ አስጠገንሽው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እንዲህ ባለ ብርድ እያፈሰሰ ያሳምማታል ይላል አሉኝ። አመስግኜ ገባሁ።

ድንች መላጥ ጀመርኩ። መሀል ላይ ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ቆርቆሮው ማፍሰስ የጀመረው በሐምሌው በረዶ ነው። ደበላ የሄደው ሰኔ።

በሰው አስነግረውት ይሆናል። በማን? አዴ ድንቄ ከቤታቸው የሚወጡት ለውሃ፣ ለገበያና በሰው ቤት ተደብቀው ለሚያደርጉት የጸሎት ጉባኤ ነው። ቴሌ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም።

ይሁን። ሰው መንገድ አያጣም።


ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ዛሬ ልምምድ። የሄዱ ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ ኤምባሲ ፊት ያነባል። መስተዋቱ ፊት ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ። ለምን ትሄጃለሽ? እህቴን ለመጠየቅ፣ አገር ለማየት። ወጪሽን ማን ይችላል? እህቴ። ትመለሻለሽ?

እዚህ ላይ መስተዋቱን በእጅጌዬ ጠረግሁ። እመለሳለሁ። ደገምኩት። እመለሳለሁ። ሦስተኛው የተሻለ ወጣ። ብቻዬን እንደ ቲያትረኛ፤ ሳቄ መጣ።


ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አዴ ድንቄ በሩ ላይ። ግራ ቀኙን አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንድ ነገር ልንገርሽ አሉ። ትመለሻለሽ ወይ ሲሉሽ ቶሎ መልሺ። ትቆያለሽ። መቆየት አይወዱም። ደበላ ነው እንዲህ ያለው።

እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል። እስከ ጽ/ቤት የሄድኩበትን መንገድ አላስታውስም። ታይፕ ስመታ ጣቴ ከፊደል ፊደል እየዘለለ ዋለ፤ አለቃዬ ሦስት ጊዜ ወረቀት አስቀየረኝ።

ማታ ያልኩትን የሚያውቅ መስተዋቱ ነው። አንተና መስተዋቱ። ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላልኩም።


ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

የአለቃዬ መልስ መጣ። ለአንቺ ብሞት ይሻለኛል፣ መፈረም ግን አልችልም አለ። የክርስትና አባቴ ሸነን ድረስ ሰው ልኬባቸው አሞኛል አስባሉ። አይፈረድባቸውም።

አልጋዬን ከግድግዳው አራቅሁ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ጋዜጣ አንድ ቦታ ላይ ገባ ወጣ ይላል፣ ሰው እንደሚተነፍስበት ሻሽ። ነፋስ ነው። በጭቃው ስንጥቅ የሚገባ ነፋስ። ግን ዛሬ ውጪ ቅጠል አልተነቃነቀም።

ጽጌን በስልክ አገኘኋት፤ ቴሌ ግማሽ ቀን ተሰልፌ። ደርሶ መልስ ትኬት ግዢ፣ ኤምባሲው ያንን ማየት ይፈልጋል፤ እዚህ ከገባሽ በኋላ መመለሻውን ቀደሽ ትጥያለሽ አለችኝ። እኔ ያልኳትን ለአንተም አልጽፍልህም።

ራዲዮ ከፍቼ ነው የምጽፈው። የእስክሪብቶው ድምፅ እንዳይሰማ። ለማን እንዳይሰማ እንደሆነ ራሴን መጠየቅ አልፈለግሁም።


ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። ከጠዋት ጀምሮ በየደጁ ጥራጊ ይነዳል፤ የበቆሎ አገዳ፣ አሮጌ ጫማ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ከተማው በጢስ ጠፋ። ፀሐይዋ በቀትር ቀልታ የመዳብ ሳንቲም መሰለች። ለምሳ ቤት ገባሁ። አዴ ድንቄ ደጅ እሳታቸው ዳር ቆመው በእንጨት ያገላብጣሉ፣ በመስኮት አያቸዋለሁ። ልብ በል፣ ደጅ ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ከግድግዳው ማዶ ሰው ሳለ።

የወንድ ሳል። አንዴ፣ የታፈነ፣ ጨርቅ አፍ ላይ ይዞ እንደሚሳል። ከዚያ ደጋገመው፣ መያዝ አቃተው። አዴ ድንቄ እንጨቱን ጥለው ሮጡ። እሳቸው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። በሩ ተዘጋ። ወዲያው የእሳቸው ሳል ጀመረ፣ ትልቅ፣ ሰው እንዲሰማው የሚሳል ሳል። ከሥሩ ግን ያኛው አለ። እየሰማሁት ነበር።

ምሳዬን አልበላሁም። በጢሱ ውስጥ ወደ ሥራ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ እግር የሌለው ይመስል። አንዱ ሰላም አለኝ። ማን እንደሆነ ሳላይ አለፍኩ።


ኅዳር 15፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። ሰፈሩ በሙሉ ሄዷል፣ አዴ ድንቄም። አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ረፋድ ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ግን ዶሮ እንኳ አይሰማም። ግድግዳውን ተጠግቼ፣ ደበላ፣ አልኩ።

ጋዜጣውን በጣቴ ነካሁት።

ደበላ፣ የዚያን ቀን ጢሱ አልጎዳህም?

ከጆሮዬ ስንዝር በማይርቅ ቦታ፣ "እት ሙሉ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ" አለ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም ከማዶ ሲቀመጥ ሰማሁት፣ ልብሱ ግድግዳውን ሲያሻሽ። ወሬ ከጀመረ በኋላ ማቆም አልቻለም። ድምፁ ዝጓል፤ አንዳንድ ቃል መሀሉ ላይ ይቀራል።

ጀርመን አልሄደም። የመውጫ ቪዛውን አግኝቷል። ኤምባሲው ግን የመግቢያውን ከለከለው። ሚስት የለህም፣ ልጅ የለህም፣ ለምን ብለህ ትመለሳለህ አሉት። እናት አለችኝ አላቸው። እናትማ ሁሉም ሰው አለው አሉት። አምቦ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቶት፣ በሶና በርበሬ አሸክሞት፣ ሴቶች አልቅሰውለት። ምን ብዬ ልመለስ አለኝ። አ.አ. ጥቂት ሰንብቶ እስከ ጊንጪ በአውቶቡስ መጣ፤ ከዚያ ሰው እንዳያየው በእርሻ ውስጥ በእግሩ። ለሰው የምነግረውን እስካስብ ደብቂኝ አላት እናቱን።

እሱ ገና ሲያስብ የሐምሌው አፈሳ መጣ፤ ወጣቱን ከየቤቱ ለውትድርና ሰበሰቡት። ከዚያ ጎጆ ከተማ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ያለ እሱ ተከፈተ። ከዚያ የተፈቀደለት ጊዜ አለፈ። ከዚያ ኦቦ ቶሌራን ወሰዷቸው።

"ያን ቀን እጄን ልሰጥ ጫማዬን አድርጌ ነበር" አለ። "አዮ መጥታ በሩ ላይ ተኛች። እናቴን ረግጬ ልለፍ?"

ምን እየሠራህ ትውላለህ አልኩት።

"አንቺን እሰማለሁ።" አፍሮ ነው የተናገረው። ስታንጎራጉሪ፣ ራዲዮ ስትቀይሪ፣ ስታለቅሺም። ለእናቱ የሚያወራላት ሌላ ነገር ስለሌለው የእኔን ያወራላታል። እሷ ደግሞ ሰው ስታገኝ ስለ ልጇ ማውራት አማራት፤ ሰላም ብሎሻል እያለች ታደርሳለች። ተይ ብላትም አትተወውም አለ።

"አንቺ አትመለሺም፣ አይደል?" አለኝ።

ሳልመልስ ከመንገድ የሰው ድምፅ መጣ። ስብሰባው አልቋል። ጋዜጣው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ትንፋሹ ጠፋ።


ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ከወ/ሮ አስቴር ጋር ወህኒ ሄድኩ። ምሳ ዕቃውን እኔ ያዝኩ። ኦቦ ቶሌራ ከስተዋል፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባቸው ብሏል። ስቀው ተቀበሉኝ። ስለ ደበላ ክፉ ይናገራሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተናገሩም። ልጅ ነው አሉ፤ አገር አየ፣ ጣፈጠው፣ እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ከዚያ፣ "ይሄኔ እዚያ በረዶ ይጥላል ይላሉ። ካፖርት ይኖረው ይሆን?"

ይኖረዋል አልኳቸው።

ሮም ከጀርመን ይርቃል ወይ አሉኝ። ካገኘሽው ቶሌራ አልተቀየመህም በይልኝ። ወ/ሮ አስቴር ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።


ኅዳር 19፣ ሐሙስ

አዴ ድንቄ ቧንቧ ሲወርዱ ጠብቄ ሁሉንም በግድግዳው ነገርኩት። እግራቸውን። ሳቃቸውን። የካፖርቱን ነገር። መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ እጅጌ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

ውጣ አላልኩትም። ቆይም አላልኩትም። ግን ለምን እንደነገርኩት አውቃለሁ፣ አንተን ማታለል አልችልም።

ከሰዓት በኋላ አዴ ድንቄ ሳያንኳኩ ገቡ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስድብ አልወጣቸውም። ልጄን ልትገድይብኝ ነው አሉ፣ ዋጋ እንደሚናገር ሰው በዝግታ። "ቶሌራ አንድ ቀን ይወጣል። ከጦር ግንባር ማን ሲወጣ አየሽ?"

እውነታቸውን ነው። ወ/ሮ አስቴርም እውነታቸውን ነው።


ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ከግድግዳው ማዶ ጸጥ። ራዲዮ ዘጋሁ፣ ጸጥ። ስሙን ጠራሁ፣ ጸጥ። ሳሉም የለም። አዴ ድንቄ በጠዋት ለሁለት ሰው የሚበቃ ገንፎ ሲያገነፉ አይቻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ለውሻ ሲሰጡት አየሁ።


ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

እንዳየሁት ልጻፍልህ።

ቀትር ላይ፣ ገበያው እንደሞላ፣ ደበላ ወጣ። የተሸኘበትን ሙሉ ልብስ ለብሷል። ከረባት። ሻንጣው በእጁ። አዴ ድንቄ በሩ ላይ አልተኙም፤ ወደ ጓዳው ዞረው ተቀምጠው ነበር፣ ፊታቸውን አላሳዩትም። እኔ ራቅ ብዬ ተከተልኩ።

ፀሐይ ዓይኑን ወጋው። አንድ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ እግሩን መሬቱ የሚሸሸው ይመስል እያነሳ ነው የሚሄደው። ፊቱ የሻማ ቀለም። መጀመሪያ ያዩት ጨው የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው። ደበላ መጣ ብለው እልል አሉ። ሌላዋ ተቀበለች። ወዲያው ገበያው ከበበው። ሳሙት። ሻንጣውን ልያዝልህ፣ ልያዝልህ ተባለ። አይ የፈረንጅ አገር፣ እንዴት አንጥቶታል አሉ። ውሃው ነው አለ አንዱ። ብርዱ ነው አለ ሌላው። አንዲት ልጃገረድ እጁን ይዛ ልስላሴውን ለእናቷ አሳየች።

ጀርመን እንዴት ነው አሉት። ደህና ነው አለ። በረዶውስ? በረዶ አለ አለ። ፈገግ ይላል፣ ጥርሱ ብቻ፤ ዓይኑ የትም አያይም። በእኔ በኩል ሲያልፍ አላየኝም። ለአምስት ወር ድምፄን ሰምቷል፤ ፊቴን የረሳው ይመስለኛል።

በእልልታ እስከ ፖሊስ ጣቢያ በር ሸኙት። እዚያ ሲገባ ግራ ገባቸው። አንዳንዱ አሁንም ያጨበጭባል። የሰው ቀብር ያየሁ መሰለኝ፣ ሟቹ ራሱ ሳጥኑን ተሸክሞ የሚሄድበት።


ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጣቢያ የምትሠራ የታይፕ ጓደኛዬ ነገረችኝ። መጣሁ አላቸው። ፓስፖርቱን ከፈቱ። የመውጫ ፈቃዱ አለ። የወጣበት ማኅተም የለም፣ የገባበት የለም፣ የተመለሰበት የለም። የት ነበርክ? እናቴ ቤት። አላመኑትም። ሰላይ ነህ፣ በሌላ ድንበር ነው የመጣኸው አሉት። ቤቱን ፈተሹ። ከጓዳው በስተጀርባ አንድ ሰው ተጋድሞ የሚበቃው ቦታ፣ የተላጨ ፂም በጣሳ፣ ከእኔ ጋዜጣ ጀርባ የተፈቀፈቀ ቀዳዳ። ያን ጊዜ አመኑት።

ከአገር ያልወጣ ሰው ዋስ አይጠየቅም ተባለ። ኦቦ ቶሌራን ትናንት ለቀቋቸው። ደበላ ከታፈሱት ጋር ወደ ጦር ማሠልጠኛ ይላካል። ግቢው ውስጥ ተላለፉ ይባላል፤ ኦቦ ቶሌራ ትከሻውን ስመው፣ "ለካ አልሄድክም" ብቻ አሉት አሉ።

ገበያው ዝም ብሏል። መጀመሪያ እልል ያለው ማን ነው እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። ጨው ሻጯ ዛሬ ለእኔ፣ ያኔም አውቄዋለሁ፣ ጥላው ልክ አልነበረም አሉኝ።


ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ኦቦ ቶሌራ በምርኩዝ ጽ/ቤት መጡ። ዋስ አጥታለች ሲሉ ሰማሁ አሉኝ። እፈርማለሁ።

እምቢ አልኳቸው። ለመንኳቸው። ወደ ቀበሌው ቀድመውኝ ሄዱ። ሊ/መንበሩ ሳቀባቸው፤ ወህኒው ናፈቀዎት ወይ አላቸው። እሳቸው ቆጣ ብለው፣ "ዋስትናዬ መቼ ፈረሰ? የፈረምኩለት ልጅ አገሩን ጥሎ አልሄደም። ሰው ቶሌራን ከዳው እንዲል አልፈልግም" አሉ። ቤት አላቸው፣ ወደ ሥራቸውም ተመልሰዋል፣ የሚከለክል ነገር አልተገኘም። ፈረሙ።

ትመለሻለሽ ወይ ይሉኛል ብዬ መንገዱን ሁሉ ጠበቅሁ። ስለ ዘንድሮ ጤፍ አወሩኝ። አልጠየቁኝም።


ጥር 12፣ ሰኞ

አዴ ድንቄ አያናግሩኝም። የጦር ሠፈር ወሬ የለም። በራቸው አሁን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ የሚደበቅ የለማ። ግን ራዲዮዬን ስዘጋ ከማዶ ጸሎታቸውን ያቆማሉ። እኔ ስንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳሉ። ቀዳዳውን በጭቃ ደፈንኩት። በማግስቱ ጭቃው ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘሁት፣ ከማዶ በጣት የተገፋ። መልሼ አልደፈንኩትም። ልጃቸው ይሰማው የነበረውን መስማት ፈልገው ይሆናል።

ሳላውቅ ጮክ ብዬ ማንጎራጎር ጀምሬያለሁ።


የካቲት 20፣ ሐሙስ

አ.አ. ሰንብቼ መጣሁ። ፓስፖርት። ክትባት። የመውጫ ቪዛ። ኤምባሲው ከመስተዋት ጀርባ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ በቀዳዳ ይመጣል። ለምን፣ ከማን ጋር፣ ለስንት ጊዜ። ትመለሻለሽ? አፉን ሳይዘጋ መለስኩለት። ማኅተሙን መታ።

ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ፣ "ጥሩ ነው" የሚል የወንድ ድምፅ ሰማሁ፣ የዛገ፣ መሀሉ የቀረ። ዞርኩ። ደረጃው ባዶ ነበር።

ደርሶ መልሱን ትኬት ገዛሁ።


የካቲት 27፣ ሐሙስ

ነገ አ.አ.፣ ከነገ ወዲያ አውሮፕላን። ሰው ሲሰናበተኝ ዋለ። ሁሉም የሚስመኝ እንደማልመለስ ነው። ቁም ሳጥንሽን ለማን ትተሽ ነው ያለችም አለች። ጽጌ ሥራ አግኝቼልሻለሁ ብላለች፣ አሮጊት መጠበቅ፣ ከዚህ ደመወዜ ጋር የማይወዳደር።

ሰው ካለቀ በኋላ ወ/ሮ አስቴር መጡ። ባላቸው ከፈረሙልኝ ወዲህ ሰላም ብለውኝ አያውቁም። ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ። መምጣቴን ቶሌራ አያውቅም አሉ። ወህኒ ቤት ይለብሰው የነበረ ብርድ ልብስ አለ፤ ያኔ እንደመጣ አጥቤ በሩ አጠገብ አጣጥፌ አኖርኩት፣ ዳግም ቢወስዱት ብዬ እስከ ዛሬ አላነሳሁትም አሉ። "ላንሳው ወይስ እዚያው ይቆይ?"

ቆየሁ። ለአንተ ያልጻፍኩልህን ሁሉ በዚያ ዝምታዬ ውስጥ ያነበቡት ይመስለኛል። አላቻኮሉኝም። ነጠላቸውን ይዘው ቆመው ጠበቁኝ።

ለሰው ይስጡት አልኳቸው።